ዝናብ ከማይለያት ከተማ እስከ ዘነበ ወርቅ

ፊዮርድ የሚባለውን ነገር ብዙዎቻችን በሥዕል እናውቀዋለን። በኖርዌይ ምዕራብ ጠረፍ ያለችው በርገን ግን ለጎጃም ሰው ከሥዕሉ ሌላ የምታሳየው አላት፤ ዝናቧን፣ የድሮ ገበያዋን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ዕድሜያቸውን የጨረሱባቸውን ጠባብ ክፍሎች።

ባቡሩ ከከተማው መሀል ተነስቶ ሽቅብ መሳብ ሲጀምር አጠገቤ የተቀመጡት አሮጊት ጃንጥላቸውን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። ውሃው ወለሉ ላይ ተንጠባጥቦ ትንሽ ኩሬ ሠራ። ዞሮ ያየ የለም፤ የሁሉም ጃንጥላ ያንጠባጥባል። ወሩ ሰኔ ነው። በትውልድ አገሬ፣ ጎጃም ውስጥ ባለችው ይጁቤ፣ በዚህ ወቅት ገበሬው ማሳውን ደጋግሞ አለስልሶ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ይውላል። በርገን ውስጥ ግን ቀና ብሎ ሰማይ የሚያይ ሰው አልገጠመኝም። ዝናቡ እንደማይቀር ስለሚያውቁ የዝናብ ልብሳቸውን ደርበው ይወጣሉ።

ባቡሩን ፍሎይባነን ይሉታል። በወፍራም የብረት ገመድ እየተጎተተ ተራራውን የሚወጣ፣ እ.ኤ.አ. ከ1918 ጀምሮ ሰው ሲያመላልስ የኖረ ነው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከባሕር ጠለል በላይ 320 ሜትር ግድም አውጥቶን በሩ ተከፈተ። ከመመልከቻው ጠርዝ ስደርስ ጉሙ ገለጥ ብሎ ነበር። ከሥር በተራሮች የታጠረች ከተማ፣ ቀይ ጣሪያ፣ ነጫጭ የእንጨት ቤት፣ መሀሏ ድረስ ገብቶ የተኛ የባሕር ምላስ፤ ከዚያ ወዲያ ደሴት ከደሴት ጀርባ እየተደረደረ እስከ ክፍት ባሕሩ ይሄዳል። ሳላስበው ከአፌ የወጣው ቃል «አፋፍ» የሚል ነበር።

ከይጁቤ ወደ ደቡብ ሲወረድ ምድሩ ድንገት ያልቃል። የጤፉ ማሳ፣ የባሕር ዛፉ፣ የሣር ክዳን ቤቱ ሁሉ ከኋላ ይቀርና የዓባይ በረሃ ከእግር ሥር ይከፈታል። ልጆች ሳለን ታላላቆቻችን እጃችንን አጥብቀው ይዘው አፋፉ ላይ ያቆሙንና «ያ ማዶ ወለጋ ነው» ይሉን ነበር። ማዶውን አይቶ መድረስ አለመቻልን ያን ጊዜ ነው የተማርነው። በርገን ላይም ማዶው ቅርብ ይመስላል፤ በመሀል ግን ጥልቅ ውሃ አለ።

የከተማው ሰዎች በሰባት ተራሮች መካከል እንደሚኖሩ ይናገራሉ፤ ሰባቱ የትኞቹ እንደሆኑ ግን ዛሬም ይከራከራሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ኡልሪከን 643 ሜትር ነው። ቁጥሩን ስሰማ ለአፍታ ግራ ተጋባሁ። ደብረ ማርቆስ 2 ሺህ 400 ሜትር ግድም ላይ ያለች ከተማ ናት። ጮቄ 4 ሺህን ያልፋል። ደጀን ሥር፣ ሙቀቱ ፊት ላይ የሚጋረፍበት የዓባይ ድልድይ እንኳ ወደ 1 ሺህ ሜትር ይጠጋል።

> የኛ በረሃ ከበርገን ተራራ ጫፍ በላይ ነው።

ሆኖም ኡልሪከን ሥር የቆመ ሰው እውነተኛ ተራራ ያያል። ባሕሩ ከእግሩ፣ ጫፉ ከደመናው ውስጥ ነው። ተራራን ተራራ የሚያሰኘው ሥሩ ቆመው አንገት የሚያቀኑት መጠን እንደሆነ የገባኝ እዚያ ነው።

ወንዝ የቆረጠው፣ በረዶ የፈለፈለው

ከበርገን ወደብ የሚነሱ ጀልባዎች ኦስተርፊዮርድን ይዘው ሞስትራውመን እስከሚባለው ጠባብ መተላለፊያ ድረስ ይዘልቃሉ። ግራና ቀኙ ቀጥ ያለ ድንጋይ ነው። ከድንጋዩ ላይ ፏፏቴ እንደ ፈትል ቀጥኖ ይወርዳል። ውሃው ጥቁር አረንጓዴ፣ ፀጥ ያለ ነው። የጀልባው ሠራተኛ ባልዲ አውርዶ ከፏፏቴው ንጹሕ ውሃ ቀዳና ለመንገደኛው አዞረ። ቀመስኩት። እንደ ጮቄ ምንጭ ጥርስ ይቆርጣል።

ፊዮርድ ማለት ባሕር የገባበት ሸለቆ ነው። ሸለቆውን የሠራው ግን ባሕሩ አይደለም። በበረዶ ዘመናት ስካንዲኔቪያ በሙሉ ከሺህ ሜትር በላይ ውፍረት ባለው በረዶ ተሸፍና ነበር። ያ በረዶ በራሱ ክብደት እየተገፋ ወደ ባሕር ሲንሸራተት ከሥሩ የያዘውን ድንጋይ እንደ ሞረድ እየተጠቀመ ምድሩን ፈለፈለው። ከ10 ሺህ ዓመት በፊት ግድም ቀልጦ ሲሸሽ የተወውን ጎድጓዳ ባሕር ሞላው። ከበርገን በስተሰሜን ያለው ሶግነፊዮርድ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምድር ውስጥ ይገባል፤ ጥልቀቱም በአንዳንድ ስፍራ ከ1 ሺህ 300 ሜትር ይበልጣል። የሚገርመው፣ ወደ ባሕሩ የሚወጣበት አፉ ከሆዱ እጅግ ያነሰ ጥልቀት አለው፤ በረዶው እዚያ ሲደርስ ጉልበቱ ስለሚደክም ነው።

የዓባይ ሸለቆ ሌላ እጅ ነው የሠራው። ምድሩ ቀስ እያለ ወደ ላይ ሲነሣ ወንዙ ወደ ታች ቆረጠ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የተጓዘ ሰው የምድርን ዕድሜ በመስኮት እያነበበ ያልፋል፤ ላይኛው ከእሳተ ገሞራ የወጣው ጥቁር ድንጋይ፣ ከሥሩ ሲሚንቶ የሚሆነው የኖራ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ጂፕሰሙ፣ ከታች ቀላ ያለው የአሸዋ ድንጋይ። የኖራ ድንጋዩ የተጋገረው ባሕር ውስጥ ነው። የኛም ሸለቆ አንድ ዘመን ባሕር ነበር፤ ባሕሩ ሄደና ወንዙ ቀረ።

በረዶም ቢሆን ለኛ ተራሮች ፍጹም እንግዳ አይደለም። በስሜንና በባሌ ተራሮች ላይ በመጨረሻው የበረዶ ዘመን በረዶ ተጋግሮ እንደነበር የሚመሰክሩ የድንጋይ ክምሮች ዛሬም አሉ። ቋንቋችን ግን የለመደው ከሰማይ የሚወርደውን ነው። ከኦስሎ ወደ በርገን የሚሄደው፣ እ.ኤ.አ. በ1909 ተመርቆ አገልግሎት የጀመረው ባቡር ፊንሰ የምትባል የተራራ ጣቢያ ላይ ሲቆም በሰኔ ወር መሬቱ ነጭ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነው የነበረኝ፤ ሰብል የሚመታውም፣ እዚህ ዓመቱን ሙሉ የሚቆየውም «በረዶ»።

በርገን ዩኒቨርሲቲ የሚማር አንድ የጎጃም ልጅ ካፌ ውስጥ ቁጭ ብለን «ዓባይን ለማጥናት ዓባይ ወደማይደርስበት አገር መጣሁ» አለኝ። በቁም ነገር ነበር የተናገረው። የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ስለ ዓባይ ብዙ ዘመን ጽፈዋል። የታሪክ ምሁሩ ቴርዬ ትቬት እንግሊዞች ዓባይን እንዴት ይዘውት እንደነበር የጻፈው ትልቅ መጽሐፍ ይታወቃል። ቴርዬ ኤስቲጎርድና ገደፍ አባዋ ፍሬው ደግሞ በጣና ዙሪያና በግሽ ዓባይ ስላለው የውሃ እምነት አብረው ጽፈው እ.ኤ.አ. በ2013 አሳትመዋል። ውሃ በእጁ ያለው ሁሉ ስለ ውሃ የማሰብ ፋታ አያገኝም፤ ተማሪው ከባድ ቦርሳውን አንግቶ በካፊያው ውስጥ ሲሄድ ይህን አሰብኩ።

ካፊያ፣ ዶፍ፣ ወጀብ

በርገን ዓመቱን ሙሉ ዝናብ አላት። ደብረ ማርቆስ በዓመት ከምታገኘው ወደ እጥፍ የሚጠጋ ይወርድባታል። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2006 መጨረሻ ጀምሮ 85 ቀን ሙሉ ሳያቋርጥ በየቀኑ ዘንቧል። ምክንያቱ ለኛ ደጋ ሰው እንግዳ አይደለም። ከሞቃቱ የአትላንቲክ ጅረት ላይ እርጥበት ያዘለ ነፋስ ይመጣል፤ ተራራ ይጋረደዋል፤ ወደ ላይ ይወጣል፤ ይቀዘቅዛል፤ ያዘለውን ይጥላል። ጮቄም ደመናውን አስቁሞ የሚያወርደው በዚሁ መንገድ ነው። ልዩነቱ፣ የኛው በክረምት ጠቅልሎ ይመጣና በጋውን ይሄዳል፤ የነሱ ዓመቱን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ ይቆያል።

የዝናብ ቃሎቻችንን ሁሉ በአንድ ቀን ተጠቀምኩባቸው። ጠዋት አካፋ። ረፋድ ላይ ዶፍ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ከባሕሩ ወጀብ ተነስቶ ጃንጥላዬን ገለበጠው። ምሽት ላይ ደግሞ ያ እኝኝ የሚለው፣ መጀመሪያውና መጨረሻው የማይታወቀው ዝናብ መጣ። መሸ የምለውም በልማድ ነው፤ በሰኔ ፀሐይ የምትጠልቀው በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ነው።

በዚያው ዶፍ ውስጥ አራት አምስት ዓመት የሚሆናቸው ልጆች ገመድ ይዘው በሰልፍ ዳገት ሲወጡ አየሁ። ከራስ እስከ እግር በቢጫ የዝናብ ልብስ ተሸፍነዋል። የአገሬ እረኛ ገሳውን ደርቦ ከብቶቹን ሲነዳ በዓይኔ መጣ። ገሳ ከሣር ይሠራል፤ ዝናቡ ላዩ ላይ ይንሸራተታል እንጂ ውስጥ አይገባም። አያቶቻችንም የበርገን ሰዎችም ለአንድ ጥያቄ ያገኙት መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ ዝናብን ተከልሎ መጠበቅ ሳይሆን ለብሶ መውጣት።

በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ አንዲት ነርስ፣ አሥር ዓመት እዚያ የኖረች ኢትዮጵያዊት፣ እንጀራና ሽሮ አቅርባልኝ «ዝናቡን ትለምደዋለህ» አለችኝ። «የሚከብደው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ሥራ ስገባ ጨለማ፣ ስወጣ ጨለማ። ፀሐይ ናፍቆኝ የማለቅስ አይመስለኝም ነበር።» በታኅሣሥ አጋማሽ የቀን ብርሃን ስድስት ሰዓት አይሞላም። ለጠፋው ፀሐይ ማካካሻ የዓሣ ዘይት እንክብል ከጠረጴዛዋ አይጠፋም። ጤፉን የምትገዛው ከአበሻ ሱቅ ነው፤ የጎጃም ጤፍ ነው ካሏት ዋጋ አትከራከርም።

ባሶና ብሪገን

ወደቡ ዳር ጎን ለጎን የተደገፉ ረጃጅም የእንጨት ቤቶች አሉ። ቀይ፣ ቢጫ፣ ነጭ ናቸው። አንዳንዱ ወደ ጎረቤቱ ዘመም ብሏል። በመሀላቸው ያለው መተላለፊያ ከመጥበቡ የተነሣ ሁለት ሰው ሲተላለፍ ትከሻ ይነካካል። ሽታው የቅጥራንና የእርጥብ እንጨት ነው። ስፍራው ብሪገን ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ብዙ ጊዜ ተቃጥሏል፤ ዛሬ የሚታየው በዋናነት ከ1702 ቃጠሎ በኋላ በጥንቱ አሠራር የተሠራው ነው።

ከ1360 ግድም ጀምሮ ለብዙ መቶ ዓመታት እዚህ የነገሡት የጀርመን ነጋዴዎች ነበሩ። ከሰሜን ኖርዌይ ዓሣ ይመጣል፤ ጨው ሳይነካው እንጨት ላይ ተሰቅሎ በነፋስ ብቻ የደረቀ። የዓሣ ቋንጣ ብንለው አንሳሳትም። ከጀርመን ምድር ደግሞ እህል ይመጣል። እህል የማይበቅልበት ሰሜንና በጾም ዓሣ የሚበላ አውሮፓ በዚህች ወደብ ተገናኙ። ነጋዴዎቹና ተለማማጆቻቸው ሚስት ማግባት አይፈቀድላቸውም ነበር። ቤቱ እንጨት ስለሆነ በመኝታ ክፍላቸው እሳት ማንደድም ክልክል ነው፤ ለመሞቅና ለመብላት ከኋላ ወዳለው የጋራ አዳራሽ ይሄዳሉ። የበርገንን ክረምት ያለ እሳት ያደሩትን የአሥራ አራት ዓመት ልጆች ሳስብ ብርዱ ተሰማኝ።

እዚያ ቆሜ የትውልድ አገሬን ገበያ አሰብኩ። ወረዳችን ባሶ ሊበን የሚለውን ስም የያዘው ያለ ነገር አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት የባሶ ገበያ ከደቡብ ጎጃም ገበያዎች ሁሉ ስሙ የገነነ ነበር። ከዓባይ ማዶ ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ ይመጣል። ከሰሜን በኩል ሲራራ ነጋዴው አሞሌ ጨውና ሸማ ይዞ ይወርዳል። ዓባይ ሲሞላ መንገዱ ይዘጋል፤ ሲጎድል ገበያው ይሞላል። በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጎጃም የከረመው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ ስለዚህ ገበያ ጽፏል። ባሶ ላይ ሰውም ይሸጥ ነበር። ይህን ሳይናገሩ ስለ ገበያው ግርማ ብቻ ማውራት ተገቢ አይመስለኝም።

ብሪገን ቆሞ ቱሪስት ይጎበኘዋል፤ ባሶ ግን አንድ የድንጋይ ምልክት እንኳ አላየሁበትም። ሁለቱም ገበያዎች የተወለዱት ከአንድ ምክንያት ነው፤ ሁለት የተለያየ ነገር የሚያበቅሉ ምድሮች የሚገናኙበት አፋፍ ላይ መሆናቸው። የይጁቤ ልጅ ይህን በትምህርት ቤት ቢማረው ስለ አገሩ የሚያስበው ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ግቢ

በርገን የሄድኩት ግን ለተራራውም ለገበያውም አልነበረም። የሄድኩት አንድ ስም ፍለጋ ነው።

ልጅ ሳለሁ ከቤታችን በላይ የሚኖሩ አንዲት እናት ነበሩ። የጣቶቻቸው ጫፍ አልቋል። እጃቸውን ሁልጊዜ ከነጠላቸው ሥር ያደርጉ ነበር። ቡና ሲጠራሩ አይቀሩም፤ ስኒያቸው ግን ለብቻ ነበረች፤ ጆሮዋ የተሸረፈ፣ ከሌሎቹ ጋር የማትታጠብ። እኛ ልጆቹ ምን እንደያዛቸው ጠይቀን የተሰጠን መልስ «በዘር ነው» የሚል ነበር። አንድ ክረምት ጠፉ። «ዘነበ ወርቅ ሄዱ» ተባለ። ለኛ ዘነበ ወርቅ ማለት ሰው ሄዶ የማይመለስበት አገር ነበር።

ካደግሁ በኋላ አዲስ አበባ፣ ዘነበ ወርቅ፣ አለርት ሆስፒታል ግቢ ገባሁ። አንድ ሰሌዳ ላይ «አርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት» የሚል አነበብኩ። ሐንሰን ማነው? እዚህ ምን አመጣው? መልሱ ያለው በርገን ነው።

ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ ዛፍ የከበበው የቆየ ግቢ አለ። ሳንክት ዮርገን ይባላል፤ በኛ ቋንቋ ቅዱስ ጊዮርጊስ ማለት ነው። ከ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚጠለሉበት ነበር። ዛሬ ሙዚየም ነው። የእንጨት ሕንፃው መሀሉ ላይ ሰፊ አዳራሽ ያለው፣ በዙሪያው ደግሞ በላይና በታች በር በበር የተደረደረበት ነው። አንዱን በር ገፍቼ ገባሁ። እጄን ብዘረጋ ሁለቱን ግድግዳ ልነካ ምንም አልቀረኝም። አንዲት ትንሽ መስኮት። አልጋ። በዚህ ክፍል ሁለት ሰው ይኖር ነበር፤ አንድ ዓመት ሁለት ዓመት አይደለም፣ ዕድሜ ልክ። የበሩ ደፍ መሀሉ ጎድጉዷል፤ በእግር ብዛት ተበልቶ። ጎንበስ ብዬ ዳሰስኩት።

ሕሙማኑ አብዛኞቹ የምዕራብ ኖርዌይ የባሕር ዳር ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። ድሃ፣ እርጥብ ቤት ውስጥ ተፋፍገው የሚኖሩ። የግቢው ቄስ የነበረው ዮሐን ኤርንስት ቬልሐቨን እ.ኤ.አ. በ1816 የስቃያቸውን ነገር ጽፎ አሳወቀ፤ ከዚያ በኋላ መንግሥት ዓይኑን ማንሣት አልቻለም። በ1856 ሕሙማንን በየመንደሩ በስም የሚይዝ አገር አቀፍ መዝገብ ተጀመረ። መዝገቡና ሌሎቹ የበርገን የሥጋ ደዌ ሰነዶች ዛሬ በዩኔስኮ የዓለም መታሰቢያ መዝገብ ውስጥ አሉ። በዚህ ግቢ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሕሙማን የሞቱት በ1946 ነው። እያንዳንዳቸው ከ50 ዓመት በላይ እዚያ ኖረዋል።

«በዘር ነው»

በ19ኛው መቶ ዓመት በርገን የዓለም የሥጋ ደዌ ጥናት ማዕከል ነበረች። የዘመኑ ትልቅ ሐኪም ዳንኤል ኮርኔልዩስ ዳንየልሰን ከባልደረባው ቦክ ጋር በ1847 ባሳተመው ሥራ በሽታውን ከማንም በተሻለ ገለጸው። መንስኤውን ሲናገር ግን ያለው ነገር እኔ ይጁቤ ላይ የሰማሁትን ነው፤ በዘር ነው።

> ሁለት አገር፣ ሁለት ቋንቋ፤ ስህተቱ ግን አንድ ነበር።

ስህተቱ ለምን እንደሚያሳምን ማየት ይቻላል። በሽታው በአንድ ቤት ውስጥ ደጋግሞ ይታያል። ተህዋሲው በጣም በዝግታ ስለሚራባ ምልክቱ የሚወጣው ከዓመታት፣ አንዳንዴም ከ20 ዓመት በኋላ ነው። አባት ታሞ ልጅ ጎልምሶ ሲታመም፣ ያየ ሰው «ከደሙ ነው» ቢል አይፈረድበትም። በኛ አገር ይህ እምነት ከጋብቻ ገብቷል። ሽማግሌ ሲላክ ዘር ይቆጠራል፤ አንድ ቅድመ አያት ላይ «እንዲህ ነበረበት» ከተባለ ነገሩ ይፈርሳል። ሌሊት ሳይነጋ በየደጁ የሚያንጎራጉሩት ላሊበላዎችም፣ ዜማውን ቢተዉ ይህ በሽታ ይይዘናል ብለው ያምናሉ ይባላል። እነዚያን ድምፆች ከእንቅልፌ ነቅቼ በብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ እሰማቸው ነበር፤ ፍርሃታቸው በዜማው ውስጥ ይሰማል።

ጌርሐርድ አርማወር ሐንሰን የበርገን ልጅ ነው። የዳንየልሰን ረዳት ሆኖ ሠራ፤ ልጁንም አገባ። አማቱ ግን እንደተሳሳተ አመነ። የመዝገቡን ስሞች እየተከተለ በየመንደሩ ዞረ፤ በሽታው ዘርን ሳይሆን አብሮ መኖርን እንደሚከተል አየ። በ1873 ከሕሙማን እባጭ በወሰደው ናሙና ውስጥ በአጉሊ መነጽር እንደ በትር የቀጠኑ ነገሮች ተመለከተ። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ እነሱ ናቸው። ሰው ላይ በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ ሲታወቅ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፤ ሮበርት ኮህ የሳንባ ነቀርሳውን ያገኘው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው።

ስለዚህ ሰው ሙሉውን መናገር ያስፈልጋል። ባክቴሪያውን ከሰውነት ውጪ ማራባት አልቻለም፤ ዛሬም በቤተ ሙከራ ብልቃጥ ውስጥ የሚያራባው አልተገኘም። ማረጋገጫ ፍለጋ በ1879 አንዲትን ሕመምተኛ ሴት ፈቃዷን ሳይጠይቅ ዓይኗ ላይ ከሌላ ሕመምተኛ የወሰደውን ነገር አስገባ። ሴትየዋ አቤት አለች። በ1880 በርገን ላይ ተፈርዶበት የሆስፒታል ሥራውን አጣ። የአንዲት ድሃ፣ የተገፋች ሴት አቤቱታ ታዋቂ ሐኪምን ፍርድ ቤት አቁሞ አስፈረደበት። የሙዚየሙ አስጎብኚ ይህን ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም፤ ግኝቱን በነገረችን ድምፅ ነገረችን።

ኖርዌይ ውስጥ በሽታው ሊጠፋ የተቃረበው ፍቱን መድኃኒት ከመገኘቱ በፊት ነው። ሕሙማንን መለየቱ ድርሻ ነበረው፤ በ1877 እና በ1885 የወጡት ሕጎች ብዙዎችን ከቤታቸው ለይተዋል፤ ያም የራሱ እንባ አለው። ብዙዎች ግን ትልቁን ድርሻ ለኑሮ መሻሻል ይሰጣሉ። ቤቱ ደረቀ፣ አልጋው ተለየ፣ ምግቡ ተሻለ።

ስሙ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ

ዘነበ ወርቅ ሰፈር ስሙን ያገኘው በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ዘነበ ወርቅ ስም በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተቋቋመው የሥጋ ደዌ መታከሚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 በዚያው ስፍራ አለርት ተመሠረተ፤ ከመላው አፍሪካ የሚመጡ ባለሙያዎች ይሠለጥኑበት ጀመር። የተጎዳ እጅ በቀዶ ሕክምና ተቃንቶ እንደገና የሚጨብጠው፣ ስሜት ያጣ እግር እንዳይቆስል ለስላሳ ጫማ የሚሰፋለት እዚያ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ከኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ጋር ሆነው የምርምር ተቋሙን አቋቋሙ። በሳይንሱ በኩል በርገን ዩኒቨርሲቲ ቆመ። ስሙም የበርገኑ ሐኪም ስም ሆነ። ከመጀመሪያዎቹ ዳይሬክተሮች አንዱ ቶሬ ጎዳል ከ1970 እስከ 1973 አዲስ አበባ ሠራ፤ በኋላ በዓለም ለድሃ አገር ልጆች ክትባት የሚያዳርሰውን ጋቪን በመጀመሪያ የመራ ሰው ነው። ያኔ ለብቻው ይሰጥ የነበረው ዳፕሶን የተባለ መድኃኒት በባክቴሪያው እየተለመደ መሄዱን ቀድመው ከመሰከሩት ጥናቶች መካከል ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠሩት ይገኙበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠት እንዲጀመር የመከረው እንዲህ ያለው ማስረጃ ተከማችቶ ነው።

ዛሬ ተቋሙ በኢትዮጵያውያን የሚመራ የመንግሥት ተቋም ነው። ሳንባ ነቀርሳን፣ ወባን፣ የኛ ደጋ ሰው ቁንጭር የሚለውንም ያጠናል። ግቢው ውስጥ ነጭ ጋዋን የለበሱ ወጣቶች ሲወጡና ሲገቡ ቆሜ አየሁ። ከአጥሩ ውጪ ደግሞ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ መጥተው ታክመው የቀሩ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ይኖራሉ። አንድ አዛውንት፣ እጃቸው የታጠፈ፣ «አገርህ የት ነው?» አሉኝ። ይጁቤ አልኳቸው። ዝም አሉና «ባሶ ሊበን። አውቀዋለሁ» አሉ። «ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው ከወጣሁ። እግሬ ጠፍቶበት አይደለም መንገዱን። ማን በሩን ይከፍታል ብዬ ነው።» ከቤታችን በላይ ይኖሩ የነበሩትን እናት ያውቋቸው እንደሆነ ጠየቅሁ። ብዙ እናቶች እንደነበሩ ነገሩኝ።

ጥጥና ክንድ

ኢትዮጵያ ውስጥ አሁንም በየዓመቱ ከ2 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ሥጋ ደዌ ይገኝባቸዋል። መድኃኒቱ በነጻ ነው፤ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይወሰዳል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሕመምተኛው ለማንም አያስተላልፍም። ከሰው ልጅ አብዛኛው ደግሞ በተፈጥሮው በሽታውን የመቋቋም አቅም አለው። ጣት የሚያሳጣው ባክቴሪያው ራሱ ቆርጦት አይደለም፤ ነርቩ ሲጎዳ ስሜት ይጠፋል፤ ስሜት የሌለው እጅ ምጣድ ያቃጥለዋል፣ እሾህ ይወጋዋል፤ ባለቤቱ ሳያውቅ ያመረቅዛል። ጉዳቱ በመዘግየት ነው የሚመጣው፤ መዘግየቱ ደግሞ በመደበቅ።

> የአንድ ዓመት እንክብል የሚያድነውን በሽታ ሰው ዛሬም ከነጠላው ሥር ይደብቃል።

ከበርገን ከተመለስኩ በኋላ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ወደ አገሬ ሄድኩ። ከይጁቤ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ጤና ኬላ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስትሠራ ተፈቅዶልኝ ተቀመጥኩ። አንዲት እናት የአሥር ዓመት ግድም ልጇን ይዛ ገባች። የልጁ ክንድ በእናቱ ነጠላ ተሸፍኗል። ሠራተኛዋ ቀስ ብላ ገለጠችው። ከክርኑ በላይ ከሌላው ቆዳ ነጣ ያለ፣ የሳንቲም ስፋት ያለው ምልክት አለ።

«ቋቁቻ ነው ብለን ዝም ብለን ነበር» አለች እናትየው። «ኋላ ላይ ግን እሳት ዳር ተቀምጦ እሳቱ ሲነካው ዝም አለ።»

ሠራተኛዋ ከጥጥ ላይ ቀጭን ክር ሳብ አድርጋ አጣመመች። «ዓይንህን ጨፍን የኔ ጌታ። የነካሁህ ቦታ ላይ በጣትህ አሳየኝ።» ጉንጩን ነካችው፤ ልጁ ፈገግ ብሎ ጉንጩን አሳየ። የእጁን መዳፍ ነካችው፤ አሳየ። ጤነኛውን ክንድ ነካችው፤ አሳየ። ከዚያ ጥጡን ነጣ ካለው ቦታ መሀል አሳረፈችው። ልጁ ዓይኑን እንደ ጨፈነ፣ ጣቱን አዘጋጅቶ ጠበቀ።

እንደገና ነካችው። መጠበቁን ቀጠለ።

ወረቀት ጽፋ የት እንደሚሄዱ፣ መድኃኒቱ ስንት ወር እንደሚወሰድ፣ አብሮ መብላትም አብሮ መተኛትም እንደማይከለከል አንድ በአንድ ነገረቻት። እናትየው ወረቀቱን አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ጣቱ ይተርፋል?»

«ይተርፋል እትዬ። አሁን ስለመጣችሁ ይተርፋል።»